የሰይድ ማሾ ባለቤት

ሰኞ፣ ኅዳር 13/2008፣ ጠዋት
ዛሬም ትዕዛዝ የለም። እማ ማሾ ታበጥራለች፣ እኔ ስልኬ ላይ አፈጣለሁ። ገና በጠዋቱ መጋዘኑ ይፋጃል። ድረ ገጻችንን ሰው ያየዋል፣ ይሄዳል። በቃ። አንዷ ብቻ ጻፈች፦ ባለቤቱ ማነው? አጭበርባሪ አለመሆናችሁን በምን ልወቅ?
ደብተሬ፣ ሸዋ ሮቢት ገበያ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አባ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰው ግን ዛሬም «የሰይድ ማሾ» ብሎ ነው የሚገዛው። ጆንያውን ፈቶ እንኳ አያይም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15፣ 8 ሰዓት
የአክስቴ ልጅ ጀማል ከአ.አ. ደወለ። ድረ ገጹን የሠራልን እሱ ነው። የድረ ገጽ ባለቤት የሚያረጋግጥ ድርጅት አለ አለኝ። መታወቂያ ያያሉ፣ ይደውላሉ፣ ከዚያ «ባለቤቱ ተረጋግጧል» የሚል ምልክት ይለጠፍልናል። ወላሂ ደስ አለኝ! ወዲያው ቅጹን መሙላት። የመንገድ ስም ይላል። የምን የመንገድ ስም! ለባጃጅ «ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱ ጎን» ነው የምንለው። እሱኑ ጻፍኩ። የባለቤት ስም፦ ሰይድ እንድሪስ። ታዲያ ማን ልበል? ማሾው በሱ ስም ነው የሚታወቀው።

ዓርብ፣ ኅዳር 17
ወ/ሮ ሶስና የሚባሉ ደውለው አዘዙ! አ.አ. ትልቅ የእህል ሱቅ አላቸው። የመጋዘናችንን ግማሽ ሊወስዱ። ግን ምልክቱን ሳላይ መኪና አልልክም አሉ። እሺ እትዬ አልኩ።
አጎቴ ያሲን እዚያው ቆሞ ይሰማል። ይኼ ካልተሳካ መጋዘኑን ዘግተን እናከራየዋለን አለ። ያለ አባትሽ አይሆንም አለ። ምን ማለት ነው ያለ አባትሽ? እኔ ምን ነኝ? እማ ማሾዋን ታበጥራለች። እሷ እንዳልሰማ ስትሆን የባሰ እናደዳለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 20
ከአረጋጋጩ ድርጅት መልስ መጣ። ባለቤቱ አቶ ሰይድ ራሳቸው መታወቂያቸውን ይዘው ካሜራ ፊት ይቅረቡ ይላል። ያ ረቢ! ከየት ላምጣው? ጀማል ላይ ጮህኩ። እሱም ጮኸብኝ። የሞተ ሰው ባለቤት ነው ብለሽ ትሞያለሽ? አብደሻል እንዴ? አለኝ። ለሱ ቀላል ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21
ባሰ። ወ/ሮ ሶስና እዚህ ዘመድ አላቸው ለካ። ስለ «የሰይድ ማሾ» አስጠየቁ። ሰይድማ ድሮ ሞቷል ተባሉ። ደወሉልኝ። በሞተ ሰው ስም የምትነግጂ ሌባ አሉኝ። ሌባ! እኔን! ላስረዳ ስል ጆሮዬ ላይ ዘጉት።
ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ምኑን ዋሸሁ? ከተማው ሁሉ የሚለውን ነው የጻፍኩት።
እሳቸው ግን ከየት ይወቁት? አባን አያውቁት፣ እኔን አያውቁኝ። ማሾው ነቅዞ ቢደርሳቸው ማንን ይጠይቁ? መቃብሩን? እውነታቸውን ነው። ይኼ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 22
እማ ዛሬ ተናገረች። እስከ መቼ ከኋላው ትደበቂያለሽ አለችኝ። በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ንዴቴ በረደ። ተመለስኩ።
ቅጹን እንደገና ከፈትኩ። ኔትወርኩ ሄደ። መጣ። ደግሞ ሄደ! የሰይድን ስም አጠፋሁት። እጄ እምቢ እያለ። ስልክ፦ የኔ። ፎቶ፦ ጆንያው ፊት ቆሜ፣ እማ አነሳችኝ። አገጬን ቆርጣዋለች፣ ይሁን።
የባለቤት ስም፣ እንደ መታወቂያዬ፦ ጦይባ ሰይድ።
አየሁት። አባ እዚያው ነው። ከኔ ቀጥሎ።
ላክሁት። ለወ/ሮ ሶስናም ያንኑ ፎቶ ላክሁ። እትዬ፣ አባቴ ሞቷል፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ማሾው ቢነቅዝ የሚጠየቀው ይኼ ፊት ነው ብዬ ጻፍኩላቸው።

11 ሰዓት
ስልኩ እየጠራ ነው። የአ.አ. ቁጥር ነው፣ አላውቀውም፤ አረጋጋጩ ድርጅት መሆን አለበት። እማ ማበጠሩን ትታ ታየኛለች። ባለቤቱን አቅርቢ ሊሉኝ ነው። «እኔ ነኝ» ነው የምለው። ላንሳው።