የፋሲካ ቅቤና የጆሮዬ ጣጣ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እታለም ያምሮት ይርሳው፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ወገብሽ፣ ያ ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂ የሚያብጠው ጉልበትሽ እንዴት ነው? የቤሩት ሙቀት ጀመረ? አሠሪሽስ በሳምንት አንዷን ቀን አሁንም ታሳርፍሻለች ወይስ እሷንም ቀማችሽ? እኔ ጆሮዬ ሲቀር ሌላው ሰውነቴ ደህና ነው፤ መድኃኔ ዓለም ይመስገን። ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ እናታችን ካጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። አሁንም ውኃ ልትቀዳ ወጣ ስትል ነው የምጽፍልሽ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፤ ተናድጄ ነው።

በመጋቢት የቡሬዋ ፋጢማ ከቤሩት ለዕረፍት ስትመጣ የላክሽልኝን ሁለት የጆሮ ጌጥ ሰጠችኝ፤ ባለ ፍሬዋንና ቀለበቷን። እኔ በተበሳሁበት ተበሺ፣ አገር ቢለያየን እንኳ ጆሯችን ይመሳሰል ያልሽውን ሳነብ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ደንበኛ ፊት አለቀስኩ። ከዚያ ሦስት ቀን መስታወት ፊት እየቆምኩ በእስክሪብቶ ነጥብ ሳደርግና ሳጠፋ ሰነበትኩ። ከፍ ባደርገው ለሹሩባ ያምራል፣ ግን ነጠላ ስከናነብ ዘርፉ ይይዘዋል። ዝቅ ባደርገው ከታችኛው ጉትቻዬ ጋር ይጣላል። በመጨረሻ የጆሮዬ ጠርዝ መታጠፍ የሚጀምርበትን ቦታ መረጥኩ።

እንዳልሽኝ በጆሮ መብሻ ሽጉጥ አላስበሳሁም። ነርሷ ፋና እዚሁ ፍኖተ ሰላም የራሷን ክሊኒክ ከፍታለች፤ እሷ ዘንድ ሄጄ በመርፌ ተበሳሁ። ቀለበቷን አድርጊልኝ ብላት እምቢ አለች። ይህ ጠንካራው የጆሮ ክፍል እንደ ታችኛው ቶሎ አይድንም፣ ለአሁኑ ባለ ፍሬዋ ትሁን፣ ቀለበቷ ከስድስት ወር በፊት አትታሰብም አለችኝ። ጠዋትና ማታ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ እጠቢው፣ አታዙሪው፣ በዚያ ጎንሽ አትተኚ፣ ቅባት የሚባል ነገር አታስጠጊው አለች። ሁሉንም ፈጸምኩ። ሦስት ሳምንት በአንድ ጎኔ ተኝቼ አንገቴ ሊጣመም ምንም አልቀረውም።

ለፋሲካ ቡሬ ወደ ቤት ገባሁ። እናታችን ነጠላዬን ሳወርድ አየችው። ምን አደረገች መሰለሽ? ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች። አንቺ ልትሄጂ ሳምንት ሲቀርሽ አዲስ አበባ ተበስተሽ የላክሽውን ፎቶ ወንድማችን እንዳለው በስልኩ ሊያሳያት ሲል አላይም ብላ ያዞረችውን ፊት ታስታውሽ የለ? እሱኑ ፊት ነው ያዞረችብኝ። ያኔ ያኮረፈች ይኸው አራት ዓመት ስምሽን አታነሣም። የላይኛው ጆሮ ተበሳ ማለት ለእሷ ልጅ ተነሥቶ ሄደ ማለት ነው። በነጋታው ለአባታችን ይህችም ልትሄድብኝ ነው ስትላቸው በጆሮዬ ሰማኋት። ኧረ የት ልሄድ? ፓስፖርት እንኳ የለኝም!

የፋሲካ ዕለት ግን ለጋ ቅቤ በቅል ይዛ መጣች። ነይ ራስሽን ልቀባሽ አለችኝ። እስቲ አንቺ ብትሆኚ እምቢ ትያለሽ? ሁለት ቀን ያኮረፈች እናት እርቋን ይዛ ስትመጣ እምቢ የሚል አንደበት ከየት ይመጣል? ራሴን ጭኗ ላይ ጣል አደረግኩ። ደንበኞቼን ጆሯችሁ እስኪድን ቅቤ እንዳትቀቡ እያልኩ ስለፈልፍ የምውለው ሴትዮ እኔ ነኝ እንግዲህ! አናቴ ላይ ከመረችልኝ። ደጅ ፀሐይ ላይ ስንቀመጥ ቀለጠ፣ በጆሮ ግንዴ ወረደ፣ ባለ ፍሬዋ ሥር ገብቶ ተኛ።

በሦስተኛው ቀን ጆሮዬ ቀልቶ አበጠ፤ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ጎረቤታችን እትዬ ወለተ ኢየሱስ ብረቱን አውጥታችሁ ክር አስገቡበት አሉ። ይህን እያሉም ነጭ ሽንኩርት ሲልጡ በዋሉበት ጣታቸው ያዙና ዞር ዞር አደረጉልኝ። ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች እልሻለሁ! እንዳለው ደግሞ የግብርና ሠራተኞች ጆሮዋ ላይ ቁጥር የለጠፉባት ጊደር መሰልሽ ብሎ ተንከተከተ። እናታችን አውጪው አለች። አላወጣም አልኳት። ያችኛዋም አላወጣም ብላ ነው የሄደችው አለችኝ።

እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ጊዜ አንጀቴ አረረ። በእሷም፣ በራሴም፣ ከሁሉም በላይ ባንቺ። ጌጥ መላክ ታውቂበታለሽ፤ ደውለሽ እናቴ እንዴት ነሽ ማለት ግን ከበደሽ። መጀመሪያ እሷ ትናገረኝ ትያለሽ። እሷም ያንቺን አፍ ትጠብቃለች። በሁለታችሁ ኩርፊያ የሚመግለው የእኔ ጆሮ ነው እንዴ?

በማግሥቱ ጠዋት ከቡሬ ሚኒባስ ስሳፈር እናታችን ተከትላኝ መጣች፤ ፋና ታወጣልኛለች ብላ ነው። ፋና ገና እንዳየችው ምን ቀባሽበት አለችኝ። እኔና እናታችን መሬት መሬት እናይ ጀመር። ጌጡ አሁን ከወጣ ቀዳዳው ይደፈንና መግሉ ውስጥ ይቀራል፣ የጆሮዋም ቅርጽ ሊበላሽ ይችላል አለች። የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠችኝ፤ በሁለት ቀን ካልቀነሰ ሆስፒታል እንድሄድ አስጠነቀቀችኝ። ልንወጣ በሩ ላይ ስንደርስ እናታችን ተመለሰችና፣ ሰው አገር ላይ ይህ ቢመግልባት፣ የሚያጥባት ባይኖርስ ምን ይውጣት ነበር ብላ ጠየቀቻት። ፋና የእኔን ነገር መስሏት፣ ምን ሰው አገር አደረሳት እናቴ፣ ይኸው አጠገብዎ አይደለች እንዴ አለቻት። እናታችን ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚህ እኔ ዘንድ ናት። ጨዉን በሻይ ማንኪያ ለክታ፣ ውኃውን አፍልታና አቀዝቅዛ፣ በንጹሕ ጨርቅ ታጥበኛለች። ታናድደኛለች ደግሞ! ሁለቴ ይበቃል ብላት አምስቴ ካላጠብኩሽ ትላለች። ፀጉር ቤት ድረስ መጥታ፣ ሹሩባ እየሠራሁ፣ ደንበኛ ፊት ጆሮዬን ገልጣ ታያለች። ትራሴን ሳይቀር በየቀኑ ታጥባለች። እብጠቱ ግን ወርዷል፣ መግሉም ቆሟል። ቀለበትሽ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ሆና ወሯን ትጠብቃለች።

ደብዳቤውን ፋጢማ ናት ይዛልሽ የምትመጣው። አባታችን ግንባርሽን ስመውሻል፤ ልጄን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ ብለዋል። እንዳለው ስልክ ላኪልኝ ብሏል፤ አትላኪለት፣ ጊደር ያለኝን ይክፈል። እትዬ ወለተ ኢየሱስም በዚያው ጣታቸው ሰላም ብለውሻል።

እናታችን እዚህ ላይ ስደርስ መጣችብኝ። ለማን እንደምጽፍ ገብቷታል። ጀሪካኗን አስቀመጠች፣ የጨው ውኃዬን ጣደች፣ ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ የእሷ የትኛው ጆሮዋ ነው፣ ጠይቂልኝ አለች። በአራት ዓመት ውስጥ ስላንቺ በግልጽ ስትጠይቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

የግራው መሆኑን አውቃለሁ። አልነገርኳትም። ደውለሽ አንቺው ንገሪያት።

እህትሽ ሠርክአዲስ ይርሳው
ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.