ሽማግሌ ወደ ዳላስ

ሐሙስ፣ ማርች 13። ከሥራ መልስ

ጫማዬ ርሷል። በረዶው እየቀለጠ መንገዱ ሁሉ ጭቃ። ንዴቴ ግን ከጭቃው አይደለም። ሄልስፊር ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ የአሜሪካን ዜና ከፈትኩ፤ አመሌን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ደብተሬ። አራት ሰው በአራት ሳጥን ተከፋፍሎ ይጯጯሃል። አንዱ አዲሱ የጤና ኢንሹራንስ ሕግ አገር ያፈርሳል ይላል፣ ሌላዋ ሕጉን የሚቃወመውን ሁሉ ትሳደባለች። የኢንሹራንሱ ምዝገባ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። የት ሄዶ፣ ምን ይዞ ነው የሚመዘገበው? ይህን የሚናገር አንድ ሰው ጠፋ። አቃጠሉኝ!

አንቺስ ምን አገባሽ አትበይኝ። ወንድም ጋሼ መስፍን (ከዛሬ ጀምሮ ወ/ጋ እለዋለሁ፣ እጄ ደክሟል) ዳላስ ታክሲ ይነዳል። ስኳር አለበት። ኢንሹራንስ የለውም። ተመዝገብ ልለው ደወልኩ። ሕጉ ወጥመድ ነው አለኝ። መንግሥት እጁን ሊያስገባብን ነው፣ ደግሞም ነገ ይሽሩታል። ቀኑን ሙሉ ታክሲው ውስጥ የሚሰማውን ጣቢያ ቃል በቃል ነው የሚያነበንበው። ኖርዌይ ቁጭ ብለሽ ስለ አሜሪካ አታስተምሪኝ ሲለኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

እሑድ፣ ማርች 16

ሚስቱ አልማዝ ደወለች። በሹክሹክታ። የግራ እግሩ ጣት ላይ ቁስል አለ፣ ከገና ጀምሮ አልደርቅ ብሏል። ካልሲ ለብሶ ይደብቃል፣ ሐኪም ቤት ደጅ አይደርስም። ያወቅሽ እንዳትመስይ ብላ አስማለችኝ። ማልኩ።

የአረጋውያን ቤት ነው የምሠራው። እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት እግር አጥቦ የማያውቅ ሰው ይተኛ ይሆናል፤ እኔ እንቅልፍ የለኝም። ወጥ ቤት ቆሜ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ማርች 19። ሐኪም ቤት፣ ተራ እየጠበቅኩ

ለወገቤ ነው። ፋስትሌገዬ፣ የቤተሰብ ሐኪሜ፣ ጋ ቀጠሮ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ስነጫነጭ ቆይቼ ወ/ጋ ትዝ አለኝ፣ ተውኩት። እሱ የሚነጫነጭበት ሐኪም እንኳ የለው።

ለሕጉ የሚከራከሩ ሦስት ቪዲዮ ላኩለት። በሕጉ ላይ የሚጮኹ ሦስት መለሰልኝ። በዜና መደባደብ ጀመርን። መቼም አላሸንፈው። ታላቄ ነው፣ ፀጉሬን እያበጠረ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። እኔን ምን ብሎ ይሰማል?

ማንን ነው የሚሰማ ታዲያ? ሽማግሌ! ሽማግሌ መልሶ አያውቅም። አልማዝንም ያገኛት በሽማግሌ ነው። ለምን አልልክበትም? ከሰፈሬ ከሃውገሩድ ዳላስ። ብቻዬን ሳቅኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ።

ዓርብ፣ ማርች 21

ተሳካ። ጋሽ ወርቁ እሺ አሉ። አባታችንን ያውቁ ነበር፣ ጡረታ እስኪወጡ እዚህ ቢሮ ሲያጸዱ ኖሩ፣ ጉልበታቸው አይረባም። ሁለተኛው አቶ ዳንኤል፣ የፕሮቴስታንት ቤ/ክ ሽማግሌና ነርስ። ጋሽ ወርቁ ሙሽሪት ማን ናት አሉኝ። ኢንሹራንስ አልኳቸው። ባልቴት ናት ወይስ ልጃገረድ አሉ። ስለ ቁስሉ ትንፍሽ አላልኩም፣ ምያለሁ።

እሑድ፣ ማርች 23። ማታ ላይ

በሥርዓቱ ልጻፍ።

ሽማግሌዎቹ በሙሉ ልብስ ቤቴ መጡ። ጋሽ ወርቁ በላዩ ነጠላ ደርበዋል። ስልኩን የአበባ ማስቀመጫው ላይ አስደግፌ በቪዲዮ ደወልኩ። ወ/ጋ አነሳው። ሁለት ሽማግሌ ቆመው፣ አንዱ ነጠላ ደርበው፣ እኔ ከኋላ። ፊቱ አመድ መሰለ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ማን ሞተ?»

መርዶ መስሎታል! ወይኔ፣ እንዴት ይሄ አልታሰበኝም? «እማዬ ናት?» ብሎ ድምፁ ሲሰበር አልማዝ እየሮጠች መጣች። ጋሽ ወርቁ ግን አልተደናገጡም።

«የሞተ የለም፣ ልጄ። ሳይሞት ብለን ነው የመጣነው።»

ተንፈስ አለ። ከዚያ ጉዳዩን ነገሩት። ወ/ጋ እንደልማዱ ጀመረ፦ መንግሥት፣ ቅጣቱ፣ ፕሬዝዳንቱ፣ ሴኔቱ። አቶ ዳንኤል ሕጉን ሊያስረዱ ሲሉ ጋሽ ወርቁ በክርናቸው ነካ አደረጓቸው። ማንን እንደምትመርጥ አልጠየቅንህም፣ ስደባቸው፣ ብቻ ተመዝግበህ ስደባቸው አሉት። እሺ ካላልክ አንቀመጥም አሉ። ቆሙ። የጋሽ ወርቁ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ወንበሩን እንኳ አልተደገፉም። ወ/ጋ ወደ ስልኩ ተጠጋ።

«ጋሽ ወርቁ፣ በእግዚአብሔር ይቀመጡ።»

«እሺ በለን።»

መሬት መሬት አየ። «እሺ። ይቀመጡ እንግዲህ።»

ተቀመጡ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ጎንበስ ብሎ ካልሲውን አወለቀ፣ እግሩን ወደ ስልኩ አስጠጋ። አልማዝ ከኋላው ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እንደማላውቅ ሆኜ ደነገጥኩ። አቶ ዳንኤል ተጠግተው አዩት። ጣቱ ገና ነው፣ ይተርፋል፣ ግን ነገ ሐኪም ይየው፣ ኢንሹራንሱን አትጠብቅ አሉ። ነገ እወስደዋለሁ አለች አልማዝ። አልተከራከራትም።

የጾም ምግቡን በላን። ጋሽ ወርቁ ሁለቴ አስጨመሩ።

ሰኞ፣ ማርች 31። ማምሻውን

የመጨረሻው ቀን። ቁስሉ ታይቷል፣ መድኃኒት ይዟል። ምዝገባውን ግን እስከ ዛሬ አቆየው፣ የኛ ሰው! ከሰዓት ጀምሮ ቴ.ቪ.ው ስለ ምዝገባው ሰልፍ ይጮሃል። አንዱ ድል ይላል፣ አንዱ ውርደት። የሰው ፊት አያሳዩም። ዘጋሁት።

አሁን ደወለ። ከሰልፉ መሃል ነው። ኮምፒውተሩ ሁለቴ ቆሟል፣ ሰዉ ግን አልተበተነም። ከፊቱ ከተቀመጠው ሜክሲኳዊ ጋር ስለ ፕሬዝዳንቱ ተጣልተዋል፤ ሰውዬው ግን ወንበሩን ለቆለት ለእግርህ ብሎታል። አልቀመጥም አለው። ወ/ጋ ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜ ሆነ?

ከሱ በፊት ያሉት ጥቂት ናቸው። ከመዝጋቱ በፊት፦

«ሚጡ፣ ጋሽ ወርቁ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ዛሬ የምቆመው እኔ ነኝ። እሳቸው ይቀመጡ በያቸው።»

ልነግራቸው ልሂድ። በስልክ አይሆንም፣ ኮቴን ልልበስና ቤታቸው ልድረስ።