ሳህኔን ያነሡብኝ ቀን

ካልጋሪ፣ ፔንብሩክ ሜዶውስ
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለመልከጼዴቅ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህን የዊኒፔግ ብርድ አልጨረሰውም? እኛ ደህና ነን። ስልክ የማልደውልልህ «እሺ፣ እሺ» እያልክ ስለምትዘጋኝ ነው፤ ወረቀት ላይ ግን የልቤን እጨርሳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅህ ሮሚ «ማሚ፣ ዛሬ አታበስዪም፣ ሰርፕራይዝ አለኝ» ብላ መኪና ውስጥ ከተተችኝ። እኔም የሀበሻ ቀሚሴን ለብሼ ወርቄን አድርጌ ወጣሁ። ሰርፕራይዙ ምን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? አውቶቡስ ስጠብቅ ሁልጊዜ የማየው፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለው የኒካራጓዎች ምግብ ቤት! ለዚህ ነው ወርቅ ያጠለቅኩት?

ቤቱን ብታየው ትስቃለህ። ጠረጴዛው የሐብሐብ ሥዕል ያለበት ላስቲክ ለብሷል። ክንድ ሲያስደግፉበት ይይዛል። ባለቤቱ ሩቤን የሚባል፣ ሸሚዙን እስከ ደረቱ የከፈተ ሰው ነው። ሜኑውን ወርውሮልን ዱላ ይዘው ኳስ የሚመቱበትን ጨዋታ በቴሌቪዥን ሊያይ ሄደ። ማስተናገዱ ነው።

ምግቡማ ሩዝና ቀይ ቦሎቄ አብሮ የተጠበሰ ነው። «ናሽናል ፉዳቸው እኮ ነው» አለችኝ ሮሚ። አንድ አገር ሙሉ ሕዝብ ተማክሮ ይቺን መረጠ? ከጎኑ ሥጋና የተጠበሰ ሙዝ ደርድረውበታል። ሙዝ ከሥጋ ጋር! ሥጋው አይከፋም ነበር፤ ለእነሱ ግን አልነገርኳቸውም።

ሰው ቤት ሆዳም መምሰል አልወድም፤ ግማሹን ሳልጨርስ እጄን ሰበሰብኩ። ሩቤን መጣና «ፊኒሽድ?» አለኝ። «እናፍ፣ ታንክ ዩ» አልኩት፤ በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ማለቴ ነው። ያው ታውቃለህ፣ «ኧረ አፈር ስሆን!» እስክባል እየጠበቅኩ ነው። ሰውዬው «ታንክ ዩ» ብሎ ሳህኑን አንሥቶ እብስ! ሥጋዬ እያየሁት ሄደ።

ሮሚ በሳቅ ልትሞት ደረሰች። «ማሚ፣ ዩ ሴድ እናፍ! አንቺ እኮ ነሽ ያልሽው!» ትለኛለች። ታዲያ ምን ልበል? አንዴ ጠይቆ ዞር የሚል ሰው ጠየቀ ይባላል? ከይሉኝታ መገላገሉ እንጂ።

ይህን ጊዜ ከኩሽና ሽርጥ የታጠቁ አሮጊት ወጡ፤ የሩቤን እናት ናቸው አለችኝ ሮሚ። እንግሊዝኛ የሚባል አያውቁም። ያንኑ ሳህን ሥጋ ጨምረውበት ፊቴ አስቀመጡት። «ኖ፣ ኖ» አልኳቸው። በቋንቋቸው ተቆጡኝና ሹካውን አስጨበጡኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠግቤያለሁ ብላቸው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ካልበላሽ አልነሣም ማለታቸው ነው። ምን ላድርግ፣ በላሁ። ያንን ሙዝ ሳይቀር በላሁ። እንደዚህ የለመነኝ ሰው ካየሁ ስንት ጊዜዬ! እንባዬ መጣና ለሮሚ በርበሬው ነው አልኳት። በርበሬ የሚባል ያልነካው ምግብ!

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ ልምጣ። በፋሲካ የላክኸው ካርድ ላይ፣ ከታች ጥግ፣ «ከፈለግሽ ነይ፣ ቤቱ ለሁለት ይበቃል» ብለሃል። ከፈለግሽ! ወደ ዊኒፔግ ስትሄድም እንዲሁ ነበርክ። በር ላይ ቆመህ «ትመጫለሽ?» አልከኝ፣ «አልሄድም» አልኩህ፣ ሻንጣህን አንሥተህ ወጣህ። በመስኮት እያየሁህ መኪናውን አሞቅህ፣ መስታወቱን ጠረግህ፣ ሄድክ። ሩቤንስ የሰው አገር ሰው ነው፣ አይፈረድበትም። አንተ ግን ደብረ ማርቆስ ተወልደህ፣ «በልቼ ነው የመጣሁት» ያለውን እንግዳ ሁሉ እጁን ይዘህ ወደ ገበታ ስትጎትት የኖርክ ሰው ነህ። ማንንም መንገደኛ ብላልኝ ብለህ የምትለምን ሰው፣ ለሚስትህ ሲሆን አንደበትህ ይተሳሰራል? አፈርኩብህ።

ሮሚ ትልቁን ሻንጣ ከቤዝመንት አውጥታ ሳሎን አስቀምጣዋለች። አንሺው ብያት አላነሣችውም፤ እኔም አልነካሁትም።

ፈጣሪ ከመንገድ አደጋ ይሰውርህ፣ ጉልበትህን ይማርልህ። ሹራብህን ደርብ። ለጥያቄህ መልሴ ይኸው፤ አልመጣም። እግዜር ይስጥልኝ፣ በቃኝ።

ሚስትህ ቆንጅት