ቆቋና ዣንጥላው

ሰኞ

ዛሬም ዣንጥላ ያዥ እኔው ሆንኩ። ሌቭሉን፣ ያን ባለ ሦስት እግር የመሬት ከፍታ መለኪያ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው በአንድ እጄ ዣንጥላ እዘረጋለሁ፤ በሌላው ወንዶቹ አይተው የሚጠሩትን ቁጥር እጽፋለሁ። የቡድናችን አለቃ ደሳለኝ ክፉ ልጅ አይደለም። "አንቺ ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺው ጻፊልን" ይላል። ሰው እያመሰገነኝ እንዴት ልቆጣ? ግን ተቆጣሁ። በሆዴ።

አርብ ፈተና አለ። እያንዳንዱ ተማሪ ራሱ ሌቭሉን ተክሎ፣ አስተካክሎ ያነባል። እኔ ዓመቱን ሙሉ ነክቼው አላውቅም! አርብ ከወደቅኩ ኢንጂነሪንግን ትቼ ሌላ ትምህርት ክፍል እገባለሁ። ቆርጫለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ

ቲቸር ሰናይት የክፍሉን ሴቶች ሰበሰበችን። አንድ አግዳሚ ወንበር እንኳ አልሞላንም። ሴቶች ኢንጂነሪንግ ሲማሩ ምን እንደሚገጥማቸው እያጠናች ነው። "እስቲ ንገሩኝ፣ ትምህርቱ እንዴት ነው? ምን ይከብዳችኋል?" አለች።

"ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ሁላችንም፤ እኔም ጭምር! ምን ይደረግ፣ እንዲህ አድርገው አሳድገውናል። እናቴ ወገቧን ታማ ጎንበስ ብላ እየሄደች እንኳ ጎረቤት ሲጠይቃት "ደህና ነኝ" ነው የምትለው። ሕመም የሚወራው ከዳኑ በኋላ ነው።

ቲቸር ሳቀች። እሷም እዚያው እኛ አገር፣ የአማኑኤል ከተማ ልጅ ናት፣ ታውቀናለች። "እሺ፣ ለሐሙስ ተረት ይዛችሁ ኑ። የራሳችሁን ነገር ንገሩኝ፣ ግን ስማችሁ አይግባበት፤ እንስሳ አድርጉት" አለች። ትልልቅ ሴቶች ተረት ተረት ልንል ነው። የደምበጫዋ ብርቱካን እየሳቀች "የላም በረት!" ብላ ጮኸች።

ረቡዕ

አባባ ሮብ ገበያ ወጥተው ደወሉ። እኛ ሰፈር ኔትወርክ ስለሌለ በገበያ ቀን ነው የሚደውሉልኝ። "ደህና ነሽ ወይ ልጄ?" "ደህና ነኝ አባባ።" አጠገባቸው ሰው አለ መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "መሐንዲሷ ናት!" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሰው "ክረምት መጣ፣ ወንዙ ሊሞላ ነው፤ ድልድያችንን መች ነው የምትሠሪልን?" አሉ። ለቀልድ ነው። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ስለ ምን ልተርት? አህያ አልኩ፣ ተውኩት፣ ይስቁብኛል። ቆቅ ትሁን።

ሐሙስ

ተረቴ ይኸው። ጅብ፣ ዝንጀሮ፣ ጃርትና ቆቅ ውኃ ፍለጋ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ተነሡ። ቆቅም መሬቱን ልትጭር ስትል፣ "አንቺ ድምፅሽ ያምራል፣ ይልቅ እየዘፈንሽ አበርቺን" አሏት። ዘፈነች። ውኃው ወጣ፣ እሷም ጠጣች፣ አመሰገኗት። በኋላ ድርቅ ሆነና "ሁሉም የየራሱን ይቆፍር" ተባለ። ቆቅ እግሯን አየችው። ጥፍር አላት፤ ጭራበት ግን አታውቅም።

"እሺ፣ ከዚያስ?" አለች ቲቸር።

"እስከዚህ ብቻ ነው" አልኩ።

ብርቱካን የድመት ተረት ይዛ ነበር የመጣችው፤ ልትጀምር አለችና ተወችው። "የእኔም ድመት ይቺው ቆቅ ናት፤ እኔም ጸሐፊ ነኝ" አለች። ሌላዋም። ሌላዋም። አንዳችንም ነክተነው አናውቅም! እኔ እኮ የማልችለው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ደህና ነን እየተባባልን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችን ብቻችንን ስንፈራ ከረምን።

ቲቸር ምክር አልመከረችም። "አሁን ምን ላድርግላችሁ?" ብቻ አለች። "ሌቭሉን!" አልን በአንድ አፍ። ከዕቃ ቤት አስወጣችልንና ሜዳው ላይ ፀሐይ እስክትገባ ታገልን። ሌቭሉ ላይ፣ ቀጥ ማለቱን የምታሳይ፣ መሃል ክቡ ውስጥ መቆም ያለባት የውኃ አረፋ አለች። አንዱን ብሎን ስታዞር በሌላ በኩል ትሸሻለች፣ ልክ እንዳልታሰረች ጥጃ። ብርቱካን ሰደበቻት። እኔ አንዴ አስቆምኳት። አንዴ ብቻ። ግን አስቆምኳት!

አርብ

ነፋስ ነበር። ተራዬ ሲደርስ የሌቭሉን እግሮች ተከልኩ፣ አንዱ ተንሸራተተ። ፈታኙ ሰዓቱን አየ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ዣንጥላው ሣሩ ላይ ተቀምጧል፣ የሚያነሣው ጠፍቷል፤ ለካ ሁሉም የለመደው እኔን ነው።

"ደሳለኝ፣ ዣንጥላውን ያዝልኝ" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ሁሉም ዞሩ። ደንገጥ አለና መጥቶ ያዘልኝ። አጣሞ ነው የያዘው፣ አያውቅበትም። "ወደ ግራ" አልኩት። ወደ ግራ አደረገው። አረፋዋ ሄደች፣ መጣች፣ ቆመች። አነበብኩ። ቁጥሩንም ራሴው ጻፍኩት።

ውጤት ገና ነው። በሁለተኛው ንባብ የተሳሳትኩ ይመስለኛል፤ ልወድቅም እችላለሁ። ሌላ ትምህርት ክፍል ስለመግባት ግን ዛሬ አላሰብኩም፤ አሁን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ።

ሮብ አባባ ሲደውሉ "ደህና ነኝ" ብዬ አልዘጋውም። "ከብዶኛል፣ ግን እየሞከርኩ ነው" እላቸዋለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።

ማታ ከቲቸር ሰናይት ጋር የግቢው በር ላይ ተገናኘን። "ተረቱ እኮ አላለቀም። ቆቋስ ምን ሆነች?" አለችኝ።

"እየጫረች ነው" አልኳት።