ከእሳት የተረፈችው ዋንዛ

ማክሰኞ
አባባ ዛሬ መጥረቢያቸውን ሲስሉ አረፈዱ። ምን ሊቆርጡ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ አውቃለሁ። ከቤታችን ጀርባ ያለው ዳገት ባለፈው ሳምንት ተቃጥሎ አንዲት ዋንዛ ብቻ ቀርታለች። እሷም አንድ ጎኗ ተለብልቧል። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ዳር ጀልባ ሲሠሩ ነው የኖሩት። ታናሽ ወንድሜ ኢብራሂም ዓሣ የሚያሰግርባት ጀልባ ወለሏ በስብሷል። "ያለ ዋንዛ ጀልባ የለም" ይላሉ።

ረቡዕ
ኢብራሂም እስከ ወገቡ ርሶ ተመለሰ። መረቡን ትቶ ውሃ ሲጨልፍ ነው ያነጋው። እሱ ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም።

ከሥራ ስወጣ ትዕግሥትን ይዤ መጣሁ። አንድ ኮሌጅ ነው የምንሠራው፤ እሷ የደን አስተማሪ ናት፣ እኔ ቤተ መጻሕፍት። አመዱን በእንጨት እየጫረች ዳገቱን ዞረችው።

"አንዳንዱ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ሌላው ዘር ይፈልጋል፤ ዘር ደግሞ ከሩቅ አይመጣም" አለች። ቀረብ የሚለው ደን ከውሃው ማዶ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ነው። የዋንዛን ፍሬ ወፍ ነው የሚዘራው፤ ወፍም ማረፊያ ካላገኘ አይመጣም። ስለዚህ ይቺ ዛፍ ከሄደች ዳገቱም ሄደ ማለት ነው።

ለካ አባባ ራቅ ብለው ሲሰሙ ኖሯል። "ደኑ እስኪመለስ ስንት ዓመት ይፈጃል?" አሉ።

"ጥላ እስኪሆን እንኳ ብዙ ዓመት ነው፣ አባባ።"

"እኔ ሰባ አልፌአለሁ" ብለዋት ገቡ።

ሐሙስ
ዛፏ አትቆረጥ ስላልሁ ተኮራርፈናል። ኢብራሂም ጮኸብኝ፦ "አንቺ ደመወዝተኛ ነሽ። ውሃው ላይ የምወጣው እኔ ነኝ!" ዛፏ ተርፋ እሱ ቢሰምጥብኝስ? ቀኑን ሙሉ አንድ መጽሐፍ እንኳ በወጉ መደርደር አቃተኝ።

ዓርብ
አባባ ከጁምዓ ሲመለሱ መጥረቢያውን አንሥተው ወጡ። ተከተልኋቸው። ያልተለበለበው ጎኗ ቢጫ ፍሬ አዝሏል፤ ወፎቹ ይንጫጫሉ። አባባ አንድ ጊዜ መቷት። ቅርፊቷ ተፈነከተ። ደግመው አነሡና እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

አመዱ ላይ ቁጭ አሉ። "እሳቱ ብቻ መሰለሽ? ይህን ሁሉ ዋንዛ ስቆርጥ የኖርሁት እኔ ነኝ። እሳቱ ያገኘው የእኔን ትራፊ ነው።"

ጎናቸው ተቀመጥሁ።

ቅዳሜ
አባባ ጎሕ ሳይቀድ መራዊ ከተማ ሄደው የባሕር ዛፍ ጣውላ አስጭነው መጡ። ሲንቁት የኖሩትን ባሕር ዛፍ! ኢብራሂም አየውና ማውረድ ጀመረ።

"ስንት ጊዜ ይቆያል?" አልሁ።

"ሁለት ክረምት። ከቆየ።"

እስኪመሽ የጀልባዋን ወለል ቀየሩ፣ ሬንጅ ቀቡ።

እሑድ
ከምሳ በኋላ ነፋስ ተነሣ። ኢብራሂም ውሃው ላይ ነበር። አባባ ዳር ቆመው ዱዓ ያደርጋሉ። አሥር ሰዓት ላይ መጣ።

"ትንሽ ውሃ ታስገባለች። ይቻላል" አለ።

አባባ ጣታቸውን በመገጣጠሚያዎቹ መካከል እየሰደዱ ወለሏን ዳበሱ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ "ነገ አብሬህ እወጣለሁ። አንተ መረብህን ጣል፤ ውሃውን እኔ እጨልፋለሁ።"

በዚህ ዕድሜያቸው! ተያየን። እምቢ ሊላቸው የደፈረ የለም።