ያልሠራኋት የመጨረሻ ማካፈል

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ለውዷ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ሥራውስ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ አለን። እማዬ እህል መቅመስ ጀምራለች፤ የወንድማችንን አንሶላ ግን እስካሁን ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። እኔም ትምህርት ቤት እመላለሳለሁ። ቁጭ እላለሁ፣ ደወል ይደወላል፣ እመለሳለሁ።

የመቃብሩ ድንጋይ ጠራቢ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ነበር። «ከስሙ ሥር የሚገባውን ቁጥር አረጋግጥልኝ፤ አንዴ ከጠረብኩ ላጲስ የለኝም» አለኝ። አንቺ እንዳዘዝሽው 974153 አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አላስቻለኝም።

የሆስፒታል ካርዱ ቁጥር መሆኑን ታውቂያለሽ። ከራሱና ከአንድ በቀር በምንም ያለ ቀሪ የማይካፈል ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ፣ ያንን ለማረጋገጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ በእርሳስ ሲያካፍል ከረመ። ነርሷ «ፕሮፌሰር፣ ስልክህ ላይ እኮ ማስያ አለ» ስትለው፣ «እሱንማ ማንም ያደርገዋል» ይላት ነበር። 987 በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ ስለሚያልፍ፣ ከዚያ በታች ያሉትን 166 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃዋል። 165ቱን ጨረሰ። 983 ብቻ ቀረች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት እጁ እርሳስ መያዝ አቃተው። «አንተ ሰነፍ፣ ይቺን እንኳ ሥራልኝ» ብሎ ደብተሩን ሰጠኝ። ከፈተና ነበር የመጣሁት፤ ዓይኔ ይከደናል። የሆነ ያልሆነውን ጫር ጫር አደረግሁና «ቀሪ አለው» አልኩት። አላካፈልኩትም።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አለው አልኩህ እኮ!» ጮህኩበት።

ሳቀ። ወዲያው ለአንቺ ደውሎ «እኔን የሚያካፍለኝ አልተገኘም!» ሲልሽ አጠገቡ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ የቆየው አራት ቀን ነው።

አሁን አካፈልኩት። 983 በ991 ሲባዛ ልክ 974153 ይመጣል። አምስት ጊዜ ደገምኩት። ለሒሳብ አስተማሪያችን ሳሳየው አንዴ አየና፣ «987 በራሱ ተባዝቶ 16 ሲቀነስለት ነው፤ 16 ደግሞ 4 በ4 ነው። ከ987 ላይ 4 ቀንስ፣ 4 ደምር፤ ሁለቱን አገኘሃቸው» አለኝ። ያ ሁሉ ልፋት በአንድ መስመር! «የማን ጥያቄ ነው?» ሲለኝ «የማንም» አልኩት።

እማዬ አታውቅም። ጠራቢው መልስሽ እስኪመጣ እንዲጠብቅ ለምኜዋለሁ። ይጻፍ ካልሽ ይጻፋል፣ ይቅር ካልሽም ይቀራል። እኔ መወሰን አቃተኝ፤ አንቺ ግን እውነቱን ሳታውቂ እንድትወስኚ አልፈለግሁም።

ሳምንቱን ሙሉ እሱ የሠራቸውን 165ቱንም ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ አየኋቸው። አንድም ቦታ አልተሳሳተም። ስህተቷ የእኔዋ ብቻ ናት።

ጤናውን ይስጥሽ፤ የምታውቂው ሰው በሌለበት አገር የሚያጽናናሽ አያሳጣሽ። እባክሽ አትደውዪ፣ በደብዳቤ መልሺልኝ። ድምፅሽን ከሰማሁ አልችልም።

ታናሽ ወንድምሽ