ለእናትሽ የጠበስኩት ኮክ

ለጫልቱ፣ ለሆዴ፤

ከተለየሽኝ ዐሥር ወር ሆነ። ልጽፍልሽ ብዙ ቀን አስቤ ነበር፤ ከወፍጮ ቤት ስመለስ ግን ጣቶቼ ብዕር አይዙልኝም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ ያመሻል። ዛሬ እሑድ ነው። እናትሽ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ቀምሰው ተኝተዋል፣ የሰበታም ዝናብ ለጊዜው አባርቷል። እስኪነሡ ድረስ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። በወንዙ በኩል ያለው አጥር በሐምሌ ወድቆ በባሕር ዛፍ አጣና ደግፌዋለሁ። ቀይዋ ዶሮ ሞታለች። ከምድጃሽ ጀርባ ያለው ግድግዳ ጭቃው ረግፎ ነበር፤ እኔው አቡክቼ ለጠፍኩት። ጠማማ ሆኗል፤ ብታይው ዝም ብለሽ አታልፊውም ነበር።

እናትሽ ደህና ናቸው ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። ለቅሶሽ ላይ ሁሉንም ያውቁ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸው በርትተው ሰዉን ሲሸኙ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ግን አንድ ቀን ከወፍጮ ቤት ስገባ፣ በር ላይ ተቀምጠው «ጫልቱን ኤሰ ጅርቲ?» አሉኝ፤ የት አለች ማለታቸው ነው። እውነቱን ነገርኳቸው። ዛሬ እንደተረዱ ሆነው ጮኹ፤ ጎረቤቱ ሌላ ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ይኼ ሦስት ጊዜ ሆነ። በአራተኛው «ገበያ ሄዳለች» አልኳቸው፤ «እሺ» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ፣ ጫልቱ፣ በየቀኑ ገበያ ሄደሻል። ያ ውሸት ከጆንያው ይልቅ ትከሻዬን አጎበጠው።

ታውቂያለሽ፣ በአንድ ግቢ አራት ዓመት ስንኖር እሳቸው ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ጎርሼ አላውቅም። እሳቸውም እኔ ስገባ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ወደ ጓዳ ይሉ ነበር። አማች ከአማች ጋር እንዴት እንደሚከባበር ሁለታችንም ስለምናውቅ አንቺ መካከል ሆነሽ የእሳቸውን ለእኔ፣ የእኔን ለእሳቸው ስታመላልሺ ኖርሽ። አንቺ ስትሄጂ መካከላችን ባዶ ቀረ። እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ ቃል የሚያመላልስ ሌላ ሰው አልነበረንም።

በሰኔ ምግብ አሻፈረኝ አሉ። እኔ ሥራ ስውል የሚያዩልኝ ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ማታ ስመለስ «ገንፎውንም ሾርባውንም አልነኩም» ይሉኛል። በሰባት ቀን ውስጥ ፊታቸው ተጨማደደ። አንድ ምሽት እኔ ራሴ ማንኪያ ይዤ ብቀርብ ፊታቸውን አዞሩና ወደ ጓሮ እያዩ «የጫልቱን ኮክ» አሉ።

የጓሮው ኮክ ያን ጊዜ መቅላት ጀምሮ ነበር። ወዲያው ትዝ አልሽኝ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ የግሪኳ ማዳም ቤት ስትሠሪ የተማርሽው የኮክ ጥብስ ነው። በተጋባን ዓመት በፓዴላ፣ በዚያች የብረት መጥበሻሽ፣ ጠብሰሽ ስታቀርቢልኝ «ፍሬ በቅቤ ይጠበሳል እንዴ?» ብዬሽ ነበር፤ ከዚያ ሳህኑን ጠርጌ በላሁት። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ፣ እሑድ እሑድ ትሠሪልን ነበር። እኔ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ የወፍጮ ቤቱን ወሬ አወራልሽ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እጅሽን አላየሁም። ምን ስታስቀድሚ ምን ስታስከትዪ እንደነበር አላውቅም።

ስለዚህ ሞከርኩ። የመጀመሪያው ቀን ማሰሮ ውስጥ ያገኘሁትን የተነጠረ ቅቤ ጣልኩበት፤ ቤቱ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ሸተተ፣ እናትሽም ቀምሰው ተፉት። በማግስቱ ስኳሩን አሳረርኩት። በሦስተኛው እያገላበጥኩ አላስቀምጥ ብዬው ገንፎ ሆነ። ወይዘሮ አስካለ ልሥራልዎ ቢሉኝም እሳቸውም አያውቁትም። ለአራተኛው ለጋ ቅቤ ከገበያ ገዛሁ። ኮኩን ለሁለት ከፍዬ የውስጡን ፍሬ አወጣሁ፤ ቅቤው ሲቀልጥ የተቆረጠውን ፊት ወደ ታች አስተኛሁት፤ ከዚያ እጄን ሰብስቤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስክደግም አልነካሁትም። ስገለብጠው ስኳር ነሰነስኩበት፣ ትንሽ ቀረፋም አከልኩ። ስኳሩ ወርቅማ ሲሆን በአንድ ማንኪያ ውኃ አበረድኩትና ከእሳት አወጣሁት። ለካ ነገሩ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ያስቸገረኝ አለመንካቱ ነበር።

በሉ። እኔ በማንኪያ እያቀረብኩ፣ እሳቸው ግድግዳውን እያዩ፣ እኔ ደግሞ ማንኪያውን እያየሁ። ሁለታችንም አፍረን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኮኩ ጋር ትንሽ እንጀራ ፍትፍትም መቀበል ጀመሩ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። በሐምሌ መጀመሪያ ወንድምሽ ኦቦ ለማ ከሱሉልታ መጣ። «ወንድ ልጇ በሕይወት እያለሁ እናቴ አማች ቤት ስትጦር ሰው ምን ይለኛል?» አለ። እንቢ ማለት እችል ነበር። ቢያንስ ስለ ኮኩ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አልነገርኩትም፤ ወንድ ሆኜ ምድጃ ስር ስንበረከክ እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም። ከዚያም በላይ ደክሞኝ ነበር። ልብሳቸውን ጠቅልዬ አውቶቡስ ድረስ ሸኘኋቸው። ያን እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሳልሄድ እስከ ቀትር ተኛሁ። ስነቃ ቀለለኝ። ይኼንንም አልደብቅሽም።

በሁለት ሳምንቱ ኦቦ ለማ ዝናብ እንዳበሰበሰው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመ። «እህል እንቢ ብላለች» አለኝ። «ኮክ ትላለች። ኮክ ፈልገን ብንሰጣት ወረወረችው። ምንድን ነው የምትሰጧት የነበረው?» ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር ጆሮው ድረስ ሄጄ «እኔ ነኝ የምጠብስላቸው» አልኩት። የሰማኝ ስላልመሰለኝ ደገምኩለት። ሰምቶኛል።

የወፍጮ ቤቱን ባለቤት አስፈቅጄ በማግስቱ ሄድኩ። አንድ ዘምቢል ኮክ፣ ፓዴላሽን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ለጋ ቅቤ፣ ስኳርና ቀረፋ ይዤ፣ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ ገባሁ። ጉሙ ቤቱን እንኳ አያሳይም ነበር። የለማ ሚስት ብርዱን አይታ ምድጃ ዳር አስቀመጠችኝ። ነገሩን ስትሰማ «ይተዉ እርስዎ፤ እየነገሩኝ እኔ ልሥራው» አለች። ልነግራት ሞከርኩ፤ ቃሉ አልመጣልኝም። ለእጄ የገባው ለአፌ አልገባውም። ስለዚህ ኮቴን አውልቄ እዚያው ተንበረከክሁ። የሰፈር ሴቶች ለጥየቃ መጥተው ነበር፤ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

እናትሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር። ቅቤው ስኳሩን ሲያገኝ ዞር አሉና «ባለ ወፍጮው መጣ» አሉ። ስሜ ጠፍቶባቸዋል። ተደግፈው ተነሥተው አራት የኮክ ግማሽ በሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ሳይስቡ፣ ማንንም መካከል ሳያስገቡ፣ ዓይኔን እያዩ፦

«ጫልቱ ሞታለች፤ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ለማ በዓይኑ «አትንገራት» ይለኛል።

«አዎ፣ እማማ» አልኳቸው።

«ታዲያ ለምን ገበያ ሄዳለች ትለኛለህ?»

«በየቀኑ እንዳያለቅሱ ብዬ ነው።»

«ልጄ አይደለችም እንዴ? ላልቅስላት እንጂ» አሉ።

ለእሳቸው አዝኜ ነው ስል የነበረው፣ ልቅሶአቸውን መስማት ስለታከተኝ እንደሆነ እዚያ ገባኝ። ያን ምሽት አለቀስንልሽ፤ እሳቸው በኦሮምኛ እየገጠሙ፣ እኔ ግማሹን ብቻ እየተረዳሁ። ለማም ከእኛ ጋር አለቀሰ።

ሲነጋ ልብሳቸውን ቋጥረው በር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ለማ መሬት መሬት እያየ «ይዘሃት ሂድ» አለኝ፤ ሚስቱም ስጠብስ ስላየችኝ፣ እናትሽ ሌላ ጊዜ ሲመጡ እንድትሠራላቸው ፓዴላ ልትገዛ ነው። ደስ ብሎኝ መለስኳቸው ብዬ አልዋሽሽም። እንጦጦን ስንወርድ እሳቸው ትከሻዬ ላይ አንቀላፍተው፣ እኔ የማግስቱን ሥራና የጉልበቴን ነገር ሳስብ ነበር። ግን መለስኳቸው።

አሁን ሲጠይቁኝ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። የሚያለቅሱበት ቀን አብሬያቸው እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ እጠብሳለሁ። በፍልሰታ በዘይት ሞክሬ አልወደዱትም፤ የንስሐ አባታችን «ለታመመ ጾም የለውም» ብለው ቅቤውን ፈቀዱልን። ኮኩ ሰሞኑን አልቋል። በሙዝ ጀምሬአለሁ፤ ሙዝ ቶሎ ይበስላል፣ ቶሎም ያርራል።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ስገባ ሰላምታ ሰጡኝ፣ በሉ፣ ተኙ። ዕረፍት ይሆነኛል ብዬ የጠበቅሁት ነገር ሲመጣ እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ጠዋት ጨርሰው ይረሱሽ ይሆናል።

በጥቅምት ሙት ዓመትሽን እናወጣለን፤ ለማም መዋጮውን ይዞ እመጣለሁ ብሏል። ከዚያ በኋላ ግን ሰዉ ወደየቤቱ ሲመለስ፣ እናትሽም ስምሽን ሲያጡት፣ የእሳቸውንም ድርሻ ጨምሬ እኔ አስታውስሻለሁ። ደክሞኛል ጫልቱ። ለዚህ ግን ጉልበት አላጣም።

ባለቤትሽ